ድንጋይን ብረት ያደረገ ሰው ጅብ አይሆንም

(በአንድ የሳይንስ ክበብ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለተጋበዙ የእጅ ባለሙያዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመጣ ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ቀንሻለሁ።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የምወዳችሁ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ!

ከፊት የተቀመጣችሁ እናቶች፣ ጀበናችሁንና ምጣዳችሁን በጭድ ጠቅልላችሁ ከሩቅ የመጣችሁ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። መድረኩ ላይ የቆምኩት እኔ ብሆንም የማወራው ስለ እናንተ ሥራ ነው። ያጎደልኩት ነገር ካለ ስጨርስ እንድትሞሉልኝ ከወዲሁ አደራ እላለሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ የቁስ ለውጥ ነው። አንድ ነገር ሌላ ነገር ይሆናል ወይ? ከሆነስ በምን ኃይል፣ በማን እጅ? ሦስት ነገር አነሳለሁ። መጀመሪያ፣ ለውጥ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ። ቀጥሎ፣ እርሳስን ወርቅ እናደርጋለን ብለው ዕድሜያቸውን ስለጨረሱ ሰዎች። ሦስተኛው የመጣሁበት ጉዳይ ነው፤ በአገራችን ቁስን ሲለውጡ የኖሩትን ሰዎች ምን ብለን ጠራናቸው?

ወደ መጀመሪያው ልግባ። ለውጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ውሃ በረዶ ሲሆን ውሃነቱን አልተወም፤ ሲሞቀው ይመለሳል። አረቄ ስታወጡም እሳቱ አዲስ ነገር አይፈጥርም። አልኮሉ ድፍድፉ ውስጥ ቀድሞ አለ። ንጹሕ አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፣ ውሃ ግን ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ስለዚህ አልኮሉ በርከት ብሎ ቀድሞ ይተንና በቧንቧው ሄዶ ይቀዘቅዛል። እሳቱ ለየ እንጂ አልለወጠም። እውነተኛው ለውጥ የተደረገው ከዚያ በፊት ነው፤ እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮል ያደረገ ጊዜ።

አሁን ወደ ሸክላ እንምጣ። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ምክንያቱም አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ኬሚስትሪን መጀመሪያ ያየሁት በእሷ እጅ ላይ ነው፤ ስሙን የሰማሁት ግን ብዙ ቆይቼ ነው።

አያቴ አፈሩን ከአንድ ቦታ አታመጣም ነበር። አንዱን ከወንዝ ዳር፣ ሌላውን ከተራራው ጥግ ቆፍራ ታመጣና ታደባልቃለች። የተሰበረ ገል ወቅጣ፣ ነፍታ ትጨምርበታለች። ‹‹ለምንድን ነው የተሰበረውን የምትጨምሪበት?›› ብዬ ስጠይቃት፣ ‹‹እሳት የለመደ ነው፤ አዲሱን ያስተምረዋል›› ትለኝ ነበር። ኮሌጅ ገብቼ ስማር አንድ በአንድ ልክ ሆኖ አገኘሁት። ቀድሞ የተቃጠለው ገል ሁለተኛ እሳት ሲነካው አይኮማተርም፤ በጭቃው መሐል ሆኖ መኮማተሩን ይቀንሳል፣ እንፋሎቱ የሚወጣበትን ቀዳዳም ይከፍታል። ዕቃው ከመሰንጠቅ ይተርፋል።

ቀጥሎ ዕቃው ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ተማሪዎች፣ ልብ በሉ! ፀሐይ ላይ የደረቀ ጭቃ ጭቃ ነው። ውሃ ቢፈስበት ይሟሟል፣ እንደገና ይቦካል። ፀሐይ የወሰደችው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የነበረውን ውሃ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ፣ በማዕድኑ አካል ላይ ታስሮ የኖረ ሌላ ውሃ አለ። እሱን ፀሐይ አትደርስበትም። ኩበቱ፣ ጭዱና እንጨቱ ተቀጣጥሎ ሙቀቱ ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ሲደርስ ያ የታሰረ ውሃ ማዕድኑን አፍርሶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። ያንን ዕቃ ዓመት ሙሉ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ጭቃ አይሆንም። መቃብር ውስጥ ሺህ ዓመት ቢቀመጥም ጭቃ አይሆንም። አፈር አልፏል፤ ሌላ ነገር ተወልዷል። ይህ ነው ለውጥ ማለት!

አያቴ እሳቱ ሲበርድ ቶሎ አትገልጠውም ነበር። አመዱን እንደለበሰ ታሳድረዋለች። አንዲት ጎረቤት ቸኩላ ስትገልጥ አያቴ ‹‹ንፋስ ይሰብረዋል!›› ብላ ስትጮህ አስታውሳለሁ። ለምን ይሰብረዋል? በአፈሩ ውስጥ ያለው አሸዋ፣ ኳርትዝ የምንለው፣ በ573 ዲግሪ ላይ ውስጣዊ አቀማመጡን ይቀይራል። ሲሞቅ በድንገት ይለጠጣል፣ ሲበርድ በድንገት ይሰበሰባል። በዚያች መስመር ላይ ንፋስ አንዱን ጎን ካቀዘቀዘው ዕቃው ይሰነጠቃል። አያቴ ቴርሞሜትር አይታ አታውቅም። መስመሯን ግን ታውቃት ነበር፤ በእሳቱ ቀለም፣ በአመዱ ሽታ፣ በጆሮዋ ሳይቀር። ጣቷን አጥፋ ዕቃውን ታንኳኳዋለች፤ ድምፁ ይነግራታል።

ምጣዱስ? ምጣድ ተቃጥሎ ሲወጣ እንጀራ አያወጣም። ይሟሻል። ጎመን ዘር ይወቀጥና በጋለው ምጣድ ላይ ይታሻል፤ ይጨሳል፣ ይጠቁራል፣ ያብለጨልጫል። ዘይቱ በሙቀትና በአየር ኃይል ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው፣ ጠንካራና ለስላሳ ሽፋን ሆነው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ሊጡ የማይጣበቀው ለዚህ ነው። እንግዲህ እናቶቻችን በአንድ ምጣድ ላይ ሁለት ታላላቅ የኬሚስትሪ ሥራዎችን ሠርተዋል፤ አንዱን በአፈሩ፣ ሌላውን በዘይቱ።

ብረትም እንዲሁ ነው። ቀዩ ድንጋይ ብረትና ኦክስጅን ነው። በምድጃው ውስጥ ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅኑን ከድንጋዩ ይነጥቀዋል፤ ብረቱ ብቻውን ይቀራል። ንጹሕ ብረት ለመቅለጥ 1538 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የድሮው የሸክላ ምድጃ እዚያ አይደርስም። ወናፍ ነፊዎቹ ግን መቅለጥ አላስፈለጋቸውም። በ1200 ዲግሪ ገደማ ዝቃጩ ቀልጦ ይፈስሳል፣ ብረቱ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ጓል ሆኖ ይቀራል፤ እሱን በጋለበት ቀጥቅጠው ያጠሩታል። ደቡብ ኦሞ ያሉት የዲሜ ሰዎች ይህንን ሙያ ትውልድ ከትውልድ ይዘው በመቆየታቸው ይታወቃሉ። ማረሻ ያለ ጠይብ የለም፤ ማረሻ ከሌለ ደግሞ እርሻ የለም። ይህቺን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው ነጥቤ ወርቅ ነው። እዚህ ላይ ፈጠን እላለሁ።

ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በግብፅ፣ በዓረብ ምድር፣ በቻይና፣ በአውሮፓ ርካሹን ማዕድን ወርቅ እናደርጋለን ያሉ ሰዎች ነበሩ። አልኬሚስቶች እንላቸዋለን። ሁሉም አታላዮች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ከልባቸው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1669 ሀምቡርግ ላይ ሄኒግ ብራንድ የሚባል ሰው ከሽንት ወርቅ አወጣለሁ ብሎ ብዙ ሽንት ሲያፈላ፣ ሲያደርቅ፣ ሲያቃጥል በጨለማ የሚያበራ ነገር አገኘ። ፎስፎረስ ነበር። ዛሬ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ስሙ አለ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የዮሐን ፍሪድሪክ ቦትገር ታሪክ ነው። በርሊን ውስጥ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ወጣት ነበር፤ ወርቅ መሥራት ይችላል የሚል ወሬ ወጣለት። የፕሩሲያ ንጉሥ ሲፈልገው እ.ኤ.አ. በ1701 ወደ ሳክሶኒ ሸሸ። የሳክሶኒው ገዢ ኃያሉ አውግስጦስ ደግሞ ያዘውና ‹‹ወርቁን ሥራ!›› ብሎ ዘጋበት። ወርቁ አልመጣም። ቺርንሃውስ የሚባል ሊቅ አብሮት ሠራ፤ አፈር እያደባለቁ፣ እያቃጠሉ፣ እየመዘኑ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1708 አካባቢ ነጭ አፈር ከ1300 ዲግሪ በላይ አቃጥለው፣ እስከዚያ ጊዜ ቻይናና የምሥራቁ ዓለም ብቻ የሚያውቁትን ጠንካራ ነጭ ሸክላ፣ ፖርሴሊን የሚባለውን፣ አገኙ። በ1710 ማይሰን ከተማ ላይ ፋብሪካ ተከፈተ። ፋብሪካው እስከ ዛሬ ይሠራል።

እናቶቼ፣ ሰማችሁ? ወርቅ ሲፈልግ የታሰረው ሰው በመጨረሻ ሸክላ ሠሪ ሆነ! ንጉሡም ያንን ሸክላ እንደ ወርቅ ቆጠረው።

ወርቁ ለምን እምቢ አለ? ወርቅ ወርቅ የሚሆነው በአቶሙ እምብርት ውስጥ 79 ፕሮቶን ስላለው ነው። እርሳስ 82 አለው። እሳት የሚደርሰው በአቶሙ ውስጥ ከእምብርቱ ውጪ ወዳሉት ኤሌክትሮኖች ብቻ ነው፤ እምብርቱን አይነካም። ምድጃ የቱንም ያህል ቢግል እርሳስ ወርቅ አይሆንም። እምብርቱን መነካካት የጀመረው ኧርነስት ራዘርፎርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣው ሥራ ናይትሮጅንን በአልፋ ጨረር መትቶ ለውጦታል፤ የተገኘው ኦክስጅን እንደሆነ ኋላ ታወቀ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ፣ በርክሌይ ላይ የግሌን ሲቦርግ ቡድን ቢስመዝ ከሚባል ማዕድን ወርቅ ሠራ። በቅርቡ በ2025 ደግሞ ጄኔቫ ያለው የሰርን ቤተ ሙከራ የእርሳስ እምብርቶች እርስ በርስ ተጠጋግተው ሲያልፉ ወርቅ መፈጠሩን አስታወቀ፤ ከ2015 እስከ 2018 በነበረው ሥራ የተገኘው ወርቅ በሙሉ ተደምሮ የአንድ ግራም አንድ ቢሊዮንኛ አይሞላም። ከቅጽበትም በላይ አልቆየም። የሺህ ዓመቱ ሕልም ተፈታ፤ ጥቅም ግን የለውም።

ለምን ይህን እነግራችኋለሁ? ዛሬም ‹‹ጥቁሩን ወረቀት በመድኃኒት አጥቤ ዶላር አደርግልሃለሁ›› የሚል ሰው አለ። ቤታቸውን ሸጠው ለእሱ የሰጡ ሰዎችን አውቃለሁ፤ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ተማሪዎች፣ ትምህርታችሁን ለዚህ ተጠቀሙበት። ‹‹ቁሱ ምንድን ነው? ምን ገባ፣ ምን ወጣ? ሚዛኑ የት አለ?›› ብላችሁ ጠይቁ። ሚዛን የማያሳይ ሰው ለዋጭ አይደለም፤ ሌባ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ደግሞ ሌላ ነው። ይህን ሌባ ሳሎናችን አስገብተን ቡና እናጠጣዋለን። ጭቃን በእውነት የለወጠችውን ሴት ግን ከደጃፋችን አናሳልፍም።

ወደ ሦስተኛው ነጥቤ ደረስኩ።

በአገራችን ድንጋይን ብረት ያደረገውን ሰው ምን አልነው? ቡዳ አልነው። ጭቃን ሸክላ ያደረገችውን ምን አልናት? ቡዳ አልናት። ጥሬ ቆዳን ያለፋውን ምን አልነው? ፋቂ ብለን አብረነው አንበላም አልን። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለ። የተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ የወርቅ ጉትቻ ተገኘ እየተባለ ተወራ። ይህንን ተረት ያልሰማችሁ አላችሁ? አንድም የለም።

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ቀን ላይ ዓይኑ እያየ ቀይ ድንጋይ ምድጃ ገብቶ ብረት ሆኖ ሲወጣ አየ። እንዴት እንደሆነ አልገባውም። ‹‹ይህን መለወጥ የቻለ ሰው ራሱንስ ለመለወጥ ምን ያቅተዋል?›› አለ። ያልገባንን እውቀት ፈራነው፤ ፍርሃታችንን ደግሞ ስድብ አደረግነው። ጅቡን የፈጠረው ጠይቡ አይደለም፤ የእኛ አለማወቅ ነው። ድንጋይን ብረት ያደረገ ሰው ጅብ አይሆንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ብረትን ከኦክስጅን ይለያል እንጂ ሰውን ጅብ አያደርግም። ይህን በፈተና ወረቀት ላይ የሚጽፍ፣ ቤቱ ሲገባ ግን የጠይብ ልጅ ዓይን የሚፈራ ተማሪ ካለ ኬሚስትሪ አልተማረም!

አያቴ ገበያ ስትወጣ ሴቶች ልጆቻቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ነበር። ገንዘቡን እጇ ላይ አያስቀምጡም፤ መሬት ላይ ይጥሉላታል፣ እሷ ታነሳዋለች። እንስራዋን ግን ይወስዱታል። ውሃቸውን የሚጠጡት ከእሱ ነው፣ ወጣቸውን የሚሠሩት በድስቷ ነው፣ እንጀራቸው የሚወጣው ከምጣዷ ነው። ‹‹ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች›› ይባል የለ? እውነት ነው፤ የአያቴ ቤት ደኅና ድስት አልነበረም፤ ደኅናው ሁሉ ይሸጣል።

ታላቅ እህቴ ታጭታ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ አልቆ፣ የሠርጉ ቀን ተቆርጦ። ኋላ የልጁ ዘመዶች ዘር ቆጠሩ። ቆጥረው ቆጥረው የአያቴ ምድጃ ላይ ደረሱ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ‹‹አልሆነም›› አሉ። ምክንያቱን አንድም ሰው በአፉ አልተናገረም። እናቴ ለጠላ የተጠነሰሰውን ጋን አየችና ዝም አለች። ያ ጋን ራሱ የአያቴ ሥራ ነበር።

አሁን ‹‹ይህ የድሮ ነው›› የሚል ይኖራል። እውነት የድሮ ነው? ባስተማርኩበት ክፍል አንዲት ጎበዝ ልጅ ነበረች። የአባትህ፣ የእናትሽ ሥራ ምንድን ነው የሚል ቅጽ ሲሞላ ‹‹ነጋዴ›› ብላ ጻፈች። አባቷ ከከተማው ጫፍ ማጭድና መጥረቢያ የሚሠራ ሰው መሆኑን አውቅ ነበር። ብረትን አግሎ በውሃ መንከር ለምን እንደሚያጠነክረው የማስተምር ዕለት ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የእሷ ቤት ነበር። እጇን ግን አላወጣችም።

ችግሩን ነገሥታቱም አይተውታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ሸማኔ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ እያሉ መስደብን ከልክለዋል። ይህ ስድብ አገርን ያለ ሙያ እንደሚያስቀር ገብቷቸው ነበር። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን አልወጣም።

ከእሳቸው በፊት ዐፄ ቴዎድሮስን አስቡ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ እንዲያቀልጡ አስገደዱ። እ.ኤ.አ. በ1867 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ፤ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጣ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቅጂውን ታዩታላችሁ። ከሚስዮናውያኑ አንዱ የነበረው ዋልድማየርና ጓደኞቹ ስማቸው በታሪክ ተጽፏል። በዚያ ምድጃ ዙሪያ ወናፍ የነፉት፣ ከሰል ያከሰሉት፣ አፈር ያቦኩት የአገራችን ሰዎች ስማቸው ማነው? ማን ጻፈው? የቦትገር ማስታወሻ ተቀምጦ ፋብሪካ ሆነ። የእኛዎቹ እውቀት በእጃቸው ብቻ ነበረ፤ ሲሞቱ አብሮ ተቀበረ። ጽፈን ያላስቀመጥነው ስለማይረባ አይደለም። ባለቤቶቹን ስለናቅን ነው።

ከጎንደር ወጣ ብሎ ወደ ስሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ወለቃ አለች። በዚያ አካባቢ ብረቱም ሸክላውም በብዛት በቤተ እስራኤሎች እጅ ነበር። እነሱም ቡዳ ተብለዋል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። አባቶቻቸው ሲናፍቋት ወደኖሩባት ምድር ነው የሄዱት፤ ደስታቸው ደስታችን ነው። ግን ልጠይቃችሁ፤ የየትኛው ተራራ ድንጋይ ደኅና ብረት እንደሚወጣው፣ የየትኛው ወንዝ አፈር እሳት እንደሚችል የሚያውቅ ስንት ሰው አብሯቸው ሄደ? ከመሄዳቸው በፊት ቁጭ ብለን ጠይቀናቸው ነበር? መስቀሉን እንሳለማለን፤ መስቀሉን ያነጠረውን እጅ ግን አንጨብጥም። በማረሻው እናርሳለን፤ ማረሻውን ከሠራው ጋር ግን ከአንድ መሶብ አንበላም። ይህ እስከ መቼ?

ወላጆች፣ ከእናንተ አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጃችሁ ‹‹የሸክላ ሠሪ ልጅ ላገባ ነው›› ሲል ዘር አትቁጠሩ። የእህቴን ዓይን አይቻለሁ፤ በሌላ ልጅ ዓይን ላይ እንዳላየው እለምናችኋለሁ።

መምህራን፣ የማይመለስ ለውጥ ስታስተምሩ ከመጽሐፉ የማግኒዥየም ሽቦ ብቻ አትነሱ። ሽቦውን አብዛኛው ተማሪ አይቶት አያውቅም። ምጣድ የሌለበት ቤት ግን የት አለ? አንድ ያልተቃጠለና አንድ የተቃጠለ ገል ውሃ ውስጥ ንከሩ፤ አድረው ይዩት።

ተማሪዎች፣ የእናንተ ሥራ ነገ ይጀምራል። ነገ ጠዋት እናቶቻችን ከግቢው በስተጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ያመጡትን ዕቃ ያቃጥላሉ። ከቤተ ሙከራው የእሳት ሙቀት የሚለኩ መሣሪያዎች፣ ቴርሞኮፕሎች የሚባሉትን፣ አውጥተናል፤ አንዱ ከሥር፣ አንዱ ከመሐል፣ አንዱ ከላይ ይቀመጣል። በየአምስት ደቂቃው ሙቀቱን ትመዘግባላችሁ። አፈሩ ከየት እንደመጣ፣ ስንት እጅ ገል እንደተጨመረበት፣ ኩበቱ የምን ከብት እንደሆነ፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ ትጽፋላችሁ። እናቶች ‹‹አሁን በቃ›› ሲሉ ቴርሞኮፕሉ ስንት እንደሚል እዩ፤ በምን እንዳወቁትም ጠይቋቸው። ከመጠየቃችሁ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ምስጢሬ ነው የሚሉትን አትጻፉ፣ የእነሱ ሀብት ነው። ለጊዜያቸው ክበቡ አበል ይከፍላል። በመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ላይ ደግሞ፣ ከቀኑና ከሙቀቱ በፊት፣ እሳቱን የመራችው እናት ሙሉ ስሟ ከነአባቷ ስም ይጻፍ።

ጠዋት በአንድ ሰዓት እንገናኝ፤ የጥጥ ልብስ ልበሱ፣ ናይሎን እሳት ዳር አይሆንም። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። አመሰግናለሁ።